የወንድምሽ ኩባያ

ልጄ፣ ክፉ አይንካሽ፤ ዶክትሬትሽን በሰላም አስጨርሶ ለዓይኔ ያብቃሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል።

ሳንባ ነቀርሳ በትንፋሽ እንጂ በዕቃ አይተላለፍም ብለሽ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ያኔ ወንድምሽ በእሱ ሲታመም እኔ ኩባያውን ለየሁ፤ ብርድ እንዳይመታችሁ ብዬ ግን መስኮቱን ጥርቅም አድርጌ ዘግቼ ሁለታችሁንም አንድ ክፍል አስተኛኋችሁ። "እማዬ፣ ተጸየፍሽኝ እንዴ?" ይለኝ ነበር። ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆነው፤ ትናንት በኩባያው ውሃ ጠጣሁ። መስኮቱንም ከፍቼዋለሁ፤ ሳሉ ግን እስካሁን ከክፍሉ አልወጣም።

ጀርሙ ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል ብለሻል። የሰው ስትመረምሪ የራስሽን ደረት እንዳትረሺ፣ አደራ። ፈጣሪ ትንፋሽሽን ይጠብቅልኝ። ተመርምረሽ ውጤቱን ስትጽፊልኝ ደህና ነኝ ብቻ አትበይኝ፤ ወንድምሽም እንደዚያ ነበር የሚለኝ።

እናትሽ