«ደካማ» ተብላ ስለተሰረዘችው ስለ ናጅዋ

ለተከበሩ የታዳጊዎች ስፖርት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ ሁሉም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ የመርሳ ሰዎች ጦርነቱ ያስተረፈንን ያህል አለን፤ ገሚሳችን አልሐምዱሊላህ፣ ገሚሳችን ተመስገን እንላለን።

በጥር ወር የላኳቸው ባለሙያ አሥራ አራቱን የጅምናስቲክ ልጆቼን ፈትነው፣ የአሥራ አንድ ዓመቷን ናጅዋን «አካሏ ደካማ ስለሆነ ከፕሮጀክቱ ትሰረዝ» ብለው ስለጻፉልን፣ አሠልጣኟ እኔ ፈንታው ምስጋናዬን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለላኩልን መመሪያ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ታዳጊ ከልምምድ በፊት እንቁላል፣ ወተትና ሙዝ እንዲያገኝ ያዛል። ልጆቹ ወራት ሙሉ ቆሎም አጥተው ስለከረሙ፣ መመሪያውን ሳነብላቸው በጣም ጣፍጧቸዋል።

ሁለተኛ፤ ባለሙያዎ ልጆቹን ጠንከር ያለ ልምምድ አላስለመድካቸውም ብለው ገሥጸውኛል። ጥፋቴ የልጅ ሰውነት ይለመናል እንጂ አይገደድም ብዬ ማመኔ ነው። ብረት ላይ ተንጠልጥሎ መሳብ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት ጊዜ፣ በሚቀጥለው ስድስት ጊዜ፤ ቁርስ ያልበላ ብረቱ ላይ አይንጠለጠልም፣ ያመመው ይቀመጣል። በጦርነቱ ፍራሾቻችን የትም ስለቀሩ ጆንያ ገለባ ሞልተን ነው እንደገና የጀመርነው። አንዲት ሕግ ብቻ ከድሮም ጠበቅ አደርግባቸው ነበር፤ ምንም ቢከብዳችሁ፣ እኔ «በቃ» ሳልል እንዳትለቁ እል ነበር። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው!

ሦስተኛውን ቁጥር ሰጥቼ ልጽፈው አልቻልኩም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ነሐሴ ላይ ከመርሳ ስንሸሽ፣ የናጅዋ እናት ወይዘሮ ዘይነባ ጨቅላ ልጃቸውን፣ ናጅዋ ደግሞ ትኩሳት የያዘውን የአራት ዓመት ወንድሟን ሚስባህን አዝለው በዝናብ እስከ ውርጌሳ በእግራቸው ሄዱ። ጤና ጣቢያው ሁሉ ተዘግቶ ነበር። ልጁ መንገድ ላይ፣ ጀርባዋ ላይ እንዳለ አረፈ። እኔ ኋላ ደርሼ ሳገኛት ሽማግሌዎች ከብበው አውርጂው ይሏታል፣ እናቷ ያለቅሳሉ፣ እሷ ግን እጆቿን ከኋላ ቆልፋ ቆማለች። ስታየኝ ዓይኗን ከዓይኔ አልነቀለችም። «በቃ፣ ናጅዋ» አልኳት። ያን ጊዜ አወረደችው።

እንግዲህ በፈተናው ቀን ናጅዋ አራተኛውን ስትሳብ፣ ባለሙያዎ ከጎኗ ለነበረው ልጅ «በቃ!» ብለው ጮኹ። ልጅቷ ብረቱን ለቀቀች። ገለባው ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን እየዳበሰች አለቀሰች። ባለሙያዎ አራት ብለው መዘገቡ፤ ቁጥሩ ትክክል ነው።

አሁን በየጠዋቱ ከሁሉም ቀድማ ትመጣና ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ጋሼ ፈንታው ስሜ ተመለሰ ወይ ትለኛለች። ክቡርነትዎ፣ እባክዎ ስሟን ይመልሱላት። ይህችኛዋ ሽሙጥ አይደለችም፤ ልመና ናት።

ለመመሪያዎ ጣዕም፣ ለቅጽዎ ንጽሕናና ለባለሙያዎ ድምፅ ጥራት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ፈንታው
የመርሳ ልጆች አሠልጣኝ

ማሳሰቢያ፦ ቅጹ ላይ «ክብደት ተሸክሞ የመቆየት ችሎታ» የሚለውን ቦታ ባለሙያዎ በናጅዋ ስም ትይዩ ባዶ ትተውት ስላገኘሁ፣ ሥራ እንዳይበዛባቸው ብዬ ሞልቼላቸዋለሁ፦ ከመርሳ እስከ ውርጌሳ።