ከዜናው የቆረጥኳት መስመር

ረቡዕ

አሸነፈች። የጠዋቱን የአንድ ሰዓት ዜና ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ታሪካዊ» የሚለውን ቃል በሁለት ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ብያለሁ። በዚያች አገር ሴት ፕሬዚዳንት ስትመረጥ የመጀመሪያዋ ናት፤ ሁሉም ጣቢያ የሚያወራው አንድ ዓይነት ነው። ጭፈራ፣ ጥሩምባ፣ በደስታ የሚያለቅሱ እናቶች።

ከውጭ የመጣው ጽሑፍ ረዥም ነበር። ስተረጉም ከታች ከታች ቆረጥኩት። መጨረሻው ላይ፣ በጭፈራው መሃል የጭነት መኪና ሕዝብ ውስጥ ገብቶ ሰው ሞቷል የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ሰዓቱ አይበቃም ብዬ አወጣኋት። በእሷ ፋንታ «ምርጫው በሰላም ተጠናቋል» ብዬ ዘጋሁ። አለቃዬ «አሪፍ መዝጊያ ናት» አለኝ።

ታናሽ ወንድሜ ምህረቱ እዚያው አገር ልብስ ይነግዳል፤ ከሄደ ስድስት ዓመቱ ነው። እማዬ ሬዲዮ ስትሰማኝ ቆይታ ደወለች። ድምፅዋ ቀልሏል። ሳምንቱን ሙሉ ከጸሎት ቡድኗ ጋር ስትጾም የሰነበተችው ምርጫው በሰላም እንዲያልፍ ነው። ለምህረቱ «አዲሷን ሴትዮ ሰላም በልልኝ» ብዬ ጻፍኩለት። አልመለሰም። እየጨፈረ ነው ብዬ ተውኩት።

ሐሙስ

ታክሲ ውስጥ ሳለሁ ካሳሁን ደወለልኝ። ከምህረቱ ጋር አንድ ሱቅ ነው የሚሠሩት። «እህቴ፣ ብቻሽን ነሽ?» አለኝ።

የጭነት መኪናው ነው። ያቺው መስመር።

የት ፌርማታ እንደወረድኩ አላስታውስም። አስኮ፣ የእማዬ ታላቅ ወንድም ጋሽ ታደሰ ቤት ደረስኩ። አብረን አለቀስን። ከዚያ እሳቸው ዓይናቸውን ጠርገው ነገሩን ያዙት። መርዶው እሑድ ንጋት ላይ ይሆናል፣ አክስቶቼ ከቡታጅራ እስኪደርሱ። እማዬ ግፊት ስላለባት ብቻዋን መስማት የለባትም። «ፊትሽን ታጠቢና ወደ ቤትሽ ግቢ» አሉኝ። ታጠብኩ። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ከእማዬ ጋር ወደምኖርበት ቤት ገባሁ።

እስከ እሑድ የሚደበቁ፦
የእማዬ ስልክ። ላሠራልሽ ብዬ ወስጃለሁ።
ፌስቡክ የምታሳያት ጎረቤታችን። ለምኛታለሁ።
የእኔ ዓይን። ጉንፋን ይዞኛል ብያለሁ።

ምህረቱ ለምን አይደውልም አለችኝ። ከምርጫው ወዲህ እዚያ ኔትወርኩ ተጨናንቋል አልኳት። እኔ ስናገረው ዜና ነው፤ አመነችኝ።

ዓርብ

ሥራ ገባሁ፤ ብቀር እማዬ ትጠረጥራለች። ዛሬም ስለ ሴትዮዋ ነው። የቀሚሷ ቀለም፣ የባሏ ሥራ፣ የተማረችበት ትምህርት ቤት። የመኪናውን አደጋ ዛሬ እንኳ እናስገባው ብዬ አለቃዬን ጠየቅኩት። ወንድሜ እንደሆነ አልነገርኩትም። እሱማ አለፈበት አለኝ። አልተቀየምኩትም። የሰው ወንድም ቢሆን እኔም እንደዚያው ነበር የምለው፤ ይኸው ነው ያንገበገበኝ።

ቤት ስገባ እማዬ ቴሌቪዥን ፊት ተተክላለች። ያንኑ ጭፈራ ደጋግመው ያሳያሉ። ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ ልጅ በጀርባው ታየ። «ያውልሽ፣ ትከሻው የእሱ ነው» አለች። ተመልሶ እስኪመጣ ጠበቀችው። እኔም አብሬያት ጠበቅኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ለአፍታ እሱ መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ

ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ፕሮግራም ነበር። እንቅር አልኳት፤ እምቢ አለች። ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል ከሁሉ ቀድማ ተነሳች። ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች።

«ልጄ ላለበት አገር ጸልያችሁልኝ ነበር። ጌታ ሰምቶናል። ወሬ አይደለም፣ የገዛ ልጄ ናት በሬዲዮ በሰላም ተጠናቋል ብላ ያነበበችው።»

ጉባኤው አሜን አለ፣ እልልታውም ቀለጠ። መጋቢው ያውቃሉ፤ ጋሽ ታደሰ ነግረዋቸዋል። አንገታቸውን ደፉ። እማዬ ወደ ኋላ ወንበር ዞራ በጣቷ አሳየችኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ ፈገግ አለልኝ። እኔም ፈገግ አልኩ። በራሴ አፈርኩ።

እሑድ

ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ልከፍት ስነሳ እማዬ ቀደመችኝ። ጋሽ ታደሰ፣ መጋቢው፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ ከኋላ አክስቶቼ። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ለምን እንደሚመጣ የማያውቅ የለም። አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንም አፉን ሳይከፍት «ምህረቱ ነው?» አለች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «በሰላም ብለሽኝ ነበር እኮ።»

ጩኸቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ማክሰኞ

ድንኳኑ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ውስጥ ተተክሏል። አስከሬኑ መቼ እንደሚደርስ ገና አልታወቀም። ትናንት ቀኑን ሙሉ እማዬ ሌላውን ሁሉ ስታናግር እኔን አላናገረችኝም።

ዛሬ ከሰዓት ለቀስተኛው ሲቀልል እግሯ ሥር ተቀምጬ ነገርኳት። መስመሯን አይቻት እንደነበር፣ ተርጉሜያት እንደነበር፣ ሰዓት አጥሮኝ እንደቆረጥኳት። እሱ መሆኑን ግን እንዳላወቅኩ። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትሰድበኝ ደስ ይለኝ ነበር።

«መስመሯ ምን ትል ነበር?» አለችኝ።

ነገርኳት።

«እንደዚያ አይደለም። እንደ ሬዲዮው አንብቢልኝ።»

ወረቀት የለኝም፤ በቃሌ ነው የያዝኳት። በዜና ድምፄ «በደስታው መሃል አንድ የጭነት መኪና ወደ ሕዝቡ በመግባቱ የሰው ሕይወት አልፏል» አልኩ።

«ስሙን አልጠራሽም» አለች እማዬ።

እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አላውቅም። ስሙ ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ስቱዲዮ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ሙዚቃ ያስገቡብኝ ነበር። እማዬ ግን እስክጨርስ ጠበቀችኝ።