ከጠረጴዛው ስለተነሳው ቅጽ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን የጥራትና የምርጥ ተሞክሮ ማስፋፊያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እላለሁ። በማዋለጃ ክፍል በኩል ምንም ሐሳብ አይግባዎ፤ እናቶቻችን ደህና መሆናቸው በየሩብ ሰዓቱ በቅጽ እየተመዘገበ ነው።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ያዋለድኩ፣ ባለፈው ወር ደግሞ ቅጽ አሟልቼ በመሙላቴ ከእጅዎ የምስክር ወረቀት የተቀበልኩ አዋላጅ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ብቻ ከመላክ ይልቅ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። የባልደረባዬ ይግባኝ ሐሙስ ይታያል፤ እስከዚያ ዝም ካልኩ ከአዋላጅነት መነሳቷ ይጸናል።

አንደኛ፣ ምስጋና ይቅደም። ምርጥ ተሞክሮ የሚባለውን ሁሉ የማጣጥል ሰው እንዳልመስልዎ። ከስፌት በፊትና በኋላ የደም መጥረጊያውን ጎዝ ቁጠሩ የሚለው ዝርዝር የመጣ ጊዜ፣ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ ቁጥር ልማር ነው ወይ ብዬ ያኮረፍኩት እኔ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ስንቆጥር አንድ ጎደለ፤ የጎደለውም እኔው ከሰፋኋት እናት ውስጥ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ሳልቆጥር መርፌ አላነሳም። ያንን ዝርዝር ያመጣልን ሰው ይባረክ፤ ይህን ስል ከልቤ ነው።

ሁለተኛ፣ ከትልቁ ሆስፒታል ቀምረው ስላመጡልን የክትትል ቅጽ። ከልምድ ልውውጡ ሲመለሱ ባሳዩን ፎቶግራፍ ላይ፣ ጠረጴዛው ከወላዶቹ ክፍል ጋር በመስታወት ግድግዳ ይተያያል፤ አንዲት አዋላጅም የምትጠብቀው ሁለት እናት ብቻ ነው። እርስዎ መስታወቱንና አዋላጆቹን እዚያው ትተው ጠረጴዛውን ብቻ አመጡልን። የእኛው ጠረጴዛ ከኮሪደሩ ጫፍ፣ ከሁለት በር ወዲያ ተቀመጠ፤ ድሮ ከአልጋው ግርጌ ይንጠለጠል የነበረው ቅጽም እንዳይጠፋ ተብሎ ከጠረጴዛው ፈቀቅ እንዳይል ታዘዘ። አንድ ዕለት ለሁለት አዋላጆች አሥራ አንድ እናቶች ነበሩን። ትእዛዝ አክባሪዎች ነንና ብርድ ልብስ ገልጠን የምናይበትን ጊዜ ኮሪደር ስንመላለስበት ዋልን። ለእግራችን ጤና ስላሰቡልን እናመሰግናለን።

ሦስተኛ፣ ስለ አራተኛው አልጋ። ያን ዕለት ረፋድ ላይ ከስድስቱ እናቶቼ አንዷ፣ አራተኛው አልጋ ላይ የነበረችው፣ ከወለደች አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላትም ነበር። ታላቅ እህቷ እስከ ጠረጴዛው ድረስ መጥታ፣ በርዷታል፣ ውሃ ውሃ ትላለች ብላ ለመነችኝ። ይህ ምን ማለት ሊሆን እንደሚችል ከማንም በላይ የማውቀው እኔ፣ መጣሁ እህቴ፣ ይህችን ልጨርስ ብዬ ጆሮ ዳባ ልበስ አልኳት። ሩብ ሰዓቱ ሊያልፍብኝ ነበራ። በዚያችው ደቂቃ ከምሞላቸው ቅጾች የወላዷ እህቷ ተራ ደርሶ ነበርና፣ «ደም መፍሰስ» ከሚለው ረድፍ «የለም» የሚለው ሣጥን ላይ ምልክት አደረግኩ።

እህትየዋ ከእኔ ስታጣ የሄደችው ወደ ባልደረባዬ ነው። ይህችን ልጅ በክፍላችን ዝምተኛዋ እንላታለን። ከእናቶቿ ላለመራቅ ስትል ትእዛዙን ጥሳ፣ ቅጿን ከጠረጴዛው አንስታ ይዛው ገብታ ነበር። የአራተኛውን አልጋ ብርድ ልብስ ስትገልጥ ፍራሹ በደም ርሷል። ሐኪም አስጠርታ፣ ደሙ እስኪቆም ድረስ አርባ ደቂቃ ሙሉ ማህፀኗን እያሸች እጇን ከዚያች ሴት ሆድ ላይ አላነሳችም። እናትየዋ ዛሬ ቤቷ ገብታ ልጇን ታጠባለች።

አራተኛ፣ ስለ ውሳኔዎ። የእኔ ቅጽ አንድም ባዶ ሣጥን አልነበረበትምና ተሸለምኩ፤ ዓይኔን በጨው አጥቤም ከእርስዎ ጋር ፎቶ ተነሳሁ። እርሷ ግን በሦስት ጥፋት ተቀጣች፦ ቅጽ ከጠረጴዛ በማንሳት፣ ቅጹን ባዶ በመተው፣ ቅጹን በማቆሸሽ። አሁን መዝገብ ቤት ተመድባ የፋይል አቧራ ታራግፋለች። እናትየዋ የማን ድርሻ እንደነበረች ስትጠየቅ መልስ አልሰጠችም፤ ጡረታዬ ስለቀረበ ልታዋርደኝ አልፈለገችም። እኔም ዝምታዋን እንደ ስጦታ ተቀብዬ አንድ ወር ሙሉ ተሸሸግኩበት። አፍሬያለሁ።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ፣ ዝምተኛዋን ወደ እናቶቿ እንዲመልሱልን፣ ቅጹንም ወደ አልጋው ግርጌ እንዲመልሱልን፣ ስለ አራተኛው አልጋ መጠየቅ ያለበትንም ሰው እንዲጠይቁ ነው። ሐሙስ ከሁሉ ቀድሜ ከበርዎ እገኛለሁ።

ለተሟላ ቅጽ ያለዎትን የማይናወጥ ፍቅር ዘወትር የማደንቅ፣ አንዲት ሣጥን ሳላስቀር የምሞላ፣ ታዛዥ ተሸላሚዎ፤

የአራተኛው አልጋ ተረኛ አዋላጅ
(ፊርማ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ በማስረጃነት የቀረበልዎ የዝምተኛዋ ቅጽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ኮፒ ስለሆነ፣ «ቆሻሻ» ብለው የጠቀሱትን እድፍ የሻይ ቢመስልዎ አልፈርድብዎትም። ዋናው በማኅደሯ ውስጥ አለና አስወጥተው በዓይንዎ ይዩት፤ የአራተኛው አልጋ እናት ደም ነው። ያን ዕለት ከክፍላችን ስለ ደም መፍሰስ በወረቀት ላይ የሰፈረ እውነት እርሱ ብቻ ነው።