በባነሩ ላይ ታማሚ ሆነው ለታዩት ለአቶ ጠና

ለተከበሩ አቶ ጠና
የቀበሌያችን ሊቀ መንበርና የበጎ ፈቃድ አስተባባሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ሆሳዕና

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ፣ ስለ ጤንነትዎ ምን ያህል ሰው እንደተጨነቀ ቢያውቁ ደስ እንደሚልዎት እገምታለሁ። ባለፈው የገበያ ቀን ከጊምቢቹና ከቦኖሻ የመጣው ገበያተኛ ሁሉ እርስዎ ምን እንደነካዎት ሲጠይቀን ነው የዋለው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ በዝርዝር አቀርባለሁ። እኔ ጵርስቅላ የምባል የአንደኛ ደረጃ መምህርት ስሆን፣ ያን ቀን ቢጫ ሰደርያ ለብሰው በገበያው በር ላይ ለጎረቤቴ ለሱመያ ሕክምና ዕርዳታ ሲያሰባስቡ ከነበሩት በጎ ፈቃደኞች አንዷ ነኝ።

ሱመያን ምናልባት አያውቋት ይሆናል፤ ይህን የምለው በንግግርዎ ላይ ሰሚራ ብለው ስለጠሯት ነው። በርበሬ ሸጣ የምታድር፣ ከባጃጅ ሹፌሩ ባለቤቷ ከፉአድ ጋር አንዲት ሴት ልጅ የምታሳድግ፣ ልቧ የታመመባት ወጣት እናት ናት። አዲስ አበባ ያለ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ተራ ሰጥቷት ነበር፤ ተራዋ የሚጸናው ግን የመያዣው ገንዘብ እስከ ማክሰኞ ገቢ ከሆነ ብቻ ነበር። እኛም ከመስጊዱም ከቤተ ክርስቲያኑም ተጠራርተን፣ አንድ የገበያ ቀን ይበቃናል ብለን ወጣን። ደግሞም ይበቃን ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ የማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ሳይካሄድ ማንም ሳጥን ይዞ እንዳይንቀሳቀስ በማዘዝዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ገበያው ሞልቶ ሲፈስ እኛ ባዶ ሳጥን ታቅፈን የክብር እንግዶችዎን ስንጠብቅ ፀሐይ በደንብ ሞቅን። እንግዶቹ ሲመጡ ደግሞ ሪባኑ ተረስቶ ኖሮ ሪባን ፍለጋ ሰው ተላከ። ሪባኑ ምን ለመክፈት እንደተቆረጠ እስካሁን አልገባኝም፤ ገበያው እንደሆነ አያቶቻችን ከመወለዳቸው በፊት ተከፍቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ ባነሩ ልዩ ምስጋና ይገባዎታል። እኛ ያዘጋጀነው በሱመያ ፎቶ ብቻ ነበር። እርስዎ ግን ኮሚቴው ሳያየው የሚወጣ ባነር የለም ብለው ወሰዱት፤ ለቅስቀሳ በመጣው አይሱዙ የጭነት መኪና ላይ ተሰቅሎ ስናየው የእርስዎ ፊት ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፣ ሱመያ ደግሞ ከታች በስተግራ፣ ከማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር አጠገብ፣ ጉርድ ፎቶ አክላ ተሸጉጣለች። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ከተማ ተወልደው አድገው ይህ ይጠፋዎታል ብዬ አልገመትኩም፤ በእኛ አገር የሰው ፎቶ ገዝፎ መኪና ላይ ተሰቅሎ፣ ድምፅ ማጉያ እየጮኸ ገበያ ከዞረ፣ ያ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል። ገበያተኛውም ታማሚው እርስዎ ነዎት ብሎ ደመደመ።

በእኛ ገበያ ብር ያልያዘ ሰው ለታማሚ ከሚሸጠው ቆንጥሮ ይሰጣል፤ ቅቤም ይሁን ቡና። ከዶዮገና ቅቤ ይዘው የመጡ አንዲት እናት ባነሩን ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩና፣ ጉንጫቸው እንዲህ ሞልቶ ምናቸውን ነው የሚያማቸው ብለው ጠየቁኝ። የለም፣ ታማሚዋ ያቺ ታች ያለችው ናት ብዬ በጣቴ ባሳያቸው፣ እንግዲያው ልጃቸው ናት፣ እንዲህ ያለ አባት እያላት ከእኔ ምን ትፈልጋለች ብለው በኮባ የጠቀለሉትን ቅቤ ይዘው ሄዱ። ነጋዴው ፈትሁዲን አላህ ያሽራቸው ብሎ ለእርስዎ ዱዓ አድርጎ አለፈ። ሌሎቹም እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቀና ይሉና፣ ከአይሱዙው ጎን የቆመችውን የቢሮ መኪናዎን ሲያዩ ባዶ እጃቸውን ያወጣሉ። ዛሬ ላይ ሆኖ ሲያወሩት ያስቃል፤ ያን ቀን ግን አብራኝ ሳጥን ይዛ ከነበረችው ከሐዳሳ ጋር አንገታችንን ደፍተን ማልቀስ ነበር የቀረን።

ሦስተኛ፣ ማይኩን ላለመልቀቅ ስላሳዩት ጽናት። ነገሩን ለማቃናት የሚያስፈልገን እሱ ብቻ ነበር፤ እኔ በሀዲይኛ፣ ሐዳሳ በከምባትኛ፣ ታማሚዋ ማን እንደሆነች ልንናገር ከአይሱዙው ሥር ቆመን ነበር። እርስዎ ግን የኮሚቴውን የዓመቱን አፈጻጸም እየዘረዘሩ ነበር። የኮትዎን ጫፍ ብጎትት ማይኩን በእጅዎ ሸፍነው፣ አንቺ ልጅ ሥርዓት ያዢ አሉኝ። ልጅ ከተባልኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኛልና ለዚህም አመሰግናለሁ።

ንግግርዎ ሲያልቅ ገበያው ተበትኖ ነበር።

አራተኛ፣ በማግስቱ በኮሚቴው ገጽ ላይ ዝግጅቱ በስኬት መጠናቀቁን ስላበሰሩን። ኧረ እንዴት ነው ነገሩ! በየትኛው ዓይንዎ ነው ያዩት? ትንሽ እንኳ አያፍሩም? ይቅርታዎን፤ ትሕትናዬ አመለጠኝ። ማክሰኞ መጣ፣ ሄደ፤ መያዣው አልሞላም፤ ተራዋም ለሌላ ታማሚ ተሰጠ። ለዚያ ሰው እግዜር ይማረው እላለሁ እንጂ አልከፋም። ሱመያ ግን ሌላ ተራ መቼ እንደምታገኝ የነገራት የለም። አሁን ጋደም ማለት ስለማትችል ግድግዳ ተደግፋ ነው የምታድረው፤ ትንፋሿ እኔ ቤት ድረስ ይሰማል። ፉአድ ባጃጁን ለሽያጭ አቅርቧል፤ ከሸጠው በኋላ ምን በልተው እንደሚያድሩ አልጠየቅኩትም፣ አፌ አልደፈረም።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ከባነር ባነር፣ ከሪባን ሪባን ያሸጋግርዎ ዘንድ እመኛለሁ። ጤናዎንም ፈጣሪ ይጠብቅልን፤ እርስዎ የታመሙ ዕለት ማንን ባነር ላይ እንደምንሰቅል ግራ ይገባናል።

የኮትዎን ጫፍ ያጨማደደችብዎት፣ ዘወትር አክባሪዎ
መምህርት ጵርስቅላ

ማሳሰቢያ፦ ሱመያ ይህን ደብዳቤ እንዳልጽፍ እጄን ይዛ ለምናኛለች። ለእርስዎ አዝና አይደለም። እኔ ከሞትኩ፣ አለችኝ፣ ፉአድ የቀበሌ ቤቱን በስሙ ለማዞር ልጄን አዝሎ እሳቸው ቢሮ መሄዱ አይቀርም፣ ተቀይመው በር ላይ ያቆሙብኛል። እሺ አልጽፍም ብያት ቤቴ ገብቼ ጻፍኩት። ስለዚህ የሚቀየሙ ከሆነ በእኔ ይቀየሙ፤ እሱ የመጣ ቀን ግን፣ እባክዎን፣ ያስገቡት።