የጋሼ ላፕቶፕ ፎርማት ሲደረግ

ጥር 7

ሱቁ ቀዝቃዛ ነበር። ሌንስ ስሞርድ ዋልኩ። አንዲት እናት አዲሱን መነጽራቸውን አድርገው መስታወት አዩና «እንዲህ አርጅቻለሁ እንዴ? አሮጌው ይሻለኝ ነበር» አሉ። ሳቅንላቸው። የቀለዱ ግን አይመስለኝም።

ቤት ስደርስ እትዬ ከባሏ፣ ከታላቅ ወንድሜ ከጋሼ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ትገምታለች። «ውጪ? ወተት? ወንበሩን ላስተካክለው?» ላፕቶፑ «ው...» ብሎ ስታክ አድርጓል። ጋሼ ዓይኑን ጨፍኗል። ሲናደድ እንዲያ ነው፣ በር እንደመዝጋት። ለካ ውሃ ፈልጎ ነው።

አጥፍቼ አስነሳሁት። እስኪነሳ ዘመን ፈጀ። ከዚያ ጋሼ ጣቱን ስክሪኑ ላይ ባለው የቃላት ሰሌዳ ላይ አሳረፈና በራሱ ድምፅ «ተመስገን፣ ደረሳችሁልኝ» አለ። ያቺን ለመቀለጃ ነው የቀዳት። ሐኪሙ አንደበትህ ይዘጋል ያለው ጊዜ፣ ገና መናገር እየቻለ፣ ሳሎን ቁጭ ብለን ቃሉን ሁሉ ማይክ ላይ አስቀረነው። አሁን ከዓይኑና ከአንድ ጣት በቀር የሚታዘዘው የለም። ቃሉን ይነካል፣ ማሽኑ በሱ ድምፅ ይናገራል። ሰሌዳው ላይ የሌለ ነገር ሲፈልግ ግን ፊደል ለቅሞ ይጽፋል፤ ያን የምታነበው የማሽን ሴት ናት። «ሮቦቷ» ይላታል። «ሚስቴ ፊት የአውቶቡስ ጣቢያ አስመሰለችኝ» ብሎ አስነብቧታል።

ጥር 9

ዛሬም ስታክ። እያወራ እያለ ራሱን አጠፋ።

ጥገና ቤት ይዤው ሄድኩ። ሰውየው ስም ይኖረው ይሆናል፣ የሚያውቀው የለም። ምን ይዘህ ብትሄድ መልሱ «ፎርማት ይደረግ» ስለሆነ ሰፈሩ ፎርማት እያለ ጠርቶት ቀረ። ገና ሳይከፍተው «ሲስተሙ ተበላሽቷል። ሁሉን ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን ነው። ተወውና ሳምንት ና» አለኝ።

ሳምንት? ወንድሜን ሳምንት ሙሉ ላፍነው? ራሴ እሠራዋለሁ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። «ሥራው ከባድ አይደለም። የምትፈልገውን መጀመሪያ ቅዳ ብቻ።»

ጥር 12፣ ቅዳሜ

የድምፁን ፎልደር እንዳለ ጥቁሩ ፍላሽ ላይ ገለበጥኩት። አንዱን ከፍቼ ሞከርኩ። «ማነው በሩን ክፍት የተወው?» አለ። ጋሼ በዓይኑ ሳቀ። እትዬ ዞር ብላ በሩን አየች፤ እስካሁን ያቺን ስትሰማ በሩን ታያለች።

መጫኛውን ሰማያዊው ፍላሽ ላይ አዘጋጅቼ ሰካሁ። ላፕቶፑ ፍላሹን ከቁብም አልቆጠረው፣ አሮጌውን ሲስተም ከፈተ። ሲነሳ ቁልፍ ተጭኖ ከፍላሽ ተነሳ ማለት ያስፈልጋል ለካ። እሺ፣ ተነሳ። ቋንቋ ምረጥ አለ፣ መረጥኩ። ቀጥል፣ ቀጠልኩ። ከዚያ... የሚጫንበት ዲስክ አልተገኘም።

ዲስኩ እኮ ሆዱ ውስጥ ነው። የት ሄዶ?

እትዬ የፊደል ገበታ ገዝታ መጣች፣ የልጆች። ጣቷን ከ«ሀ» ጀምራ ወደ ታች ታወርዳለች፤ የፈለገው ቤት ስትደርስ ጋሼ ይጨፍናል። ከዚያ ወደ ጎን ትሄዳለች። እንደገና ይጨፍናል። አንድ ፊደል። እንዲህ እንዲህ እያለ «ተርቦ ነው» የሚል ወጣ። ማን? እኔን ነው። ምሳ አልበላም ነበር።

ጥር 13

ለፎርማት ደወልኩ። መጫኛው የዚህን ዲስክ ዓይነት አያውቀውም፣ ድራይቨሩን አውርደህ ፍላሹ ላይ ጨምርለት አለኝ። ጨመርኩ። ዲስኩ ብቅ አለ። ደስታዬ...

አሮጌውን ሁሉ ሰረዝኩ። «እርግጠኛ ነህ?» አለኝ ማሽኑ። እርግጠኛ ነኝ አልኩት። መጫን ጀመረ፣ ግማሽ ሄዶ ፋይሉን ማንበብ አልቻልኩም ብሎ ቆመ። ደግሜ ሞከርኩ። እዚያው ቦታ። ሰማያዊው ፍላሽ ራሱ ነው የታመመው።

አሮጌው ሲስተም የለም፣ አዲሱም የለም። ከሁለት ያጣ።

ጋሼ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሲያይ ዋለ። እትዬ ገበታውን ስታቀርብለት አልጨፈነም። የሚለው የለውም ወይስ ደከመው? ልጠይቀው ፈለግኩ። በምን ይመልስልኛል?

ጥር 14

ሱቅ ባለው ኮምፒውተር መጫኛውን እንደ አዲስ አዘጋጀሁ። ወዲህ ደንበኛ «የኔ አልደረሰም?» ይላል፣ ወዲያ ማሽኑ «ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል» ይላል። ሁለቱንም እሺ፣ እሺ።

ቤት ገብቼ ሰካሁት። ተጫነ! ያለ አንድ ስህተት። ዋይፋዩም ድምፁም አይሠራም ነበር፣ ድራይቨራቸውን ፈልጌ ጫንኩ። ሰሌዳውንም ጫንኩ፣ ባዶውን። ሮቦቷ «ሰላም» አለች። እትዬ አቀፈችኝ። ጋሼ ጣቱን አንስቶ ጻፈ፤ «ፎርማት ሥራ ለቀቀ።»

ነገ ድምፁን እመልሳለሁ።

ጥር 15

ጥቁሩን ፍላሽ ቤት ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ጃኬቴ ኪስ። እንዳይጠፋ ብዬ ራሴ ነኝ የከተትኩት። ትናንት ሱቅ ውስጥ ከኪሴ ያወጣሁት...

ሰካሁት። መጫኛው ነው ያለው። ሌላ ምንም።

ጥር 16

ፎርማት ዘንድ። የጠፋ ፋይል የሚፈልግ ፕሮግራም አለው። አልቀለደም፣ ወንበር አቀረበልኝ። የፋይሎቹ ስም አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ወጣ። «ውሃ»፣ «በሩን»፣ «ደህና ሁኑ»... ስማቸው አለ። ሲከፈቱ እንደ ዝናብ ይንሿሿሉ።

የላፕቶፑንም ዲስክ ፈተሸው። እላዩ ላይ ተጽፎበታል አለ።

አንድ ፋይል ብቻ ተከፈተ። ጋሼ ጉሮሮውን ሲጠርግ። ሊናገር ሲል ይቆረጣል።

«ሌላ ቦታ አልቀዳችሁም?» አለኝ። አልቀዳንም።

ጥር 18

ሁለት ቀን ሸሸሁ። ድራይቨር ይቀረዋል እያልኩ። ዛሬ እትዬ «እሱ እኮ ገብቶታል። ፊትህን እያየ ይውላል» አለችኝ።

ፊቱ ተንበርክኬ ነገርኩት። ላፕቶፑ እፊቱ ነው፣ አልነካውም። ገበታውን በዓይኑ ጠየቀ። እትዬ ጣቷን አወረደች። «ሁ»... «ሉ»... «ም»። ዓይኑን አንስቶ አየኝ።

ሁሉም፣ አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ገበታውን አነሳችው፤ ፊደል ሊመርጥ አልነበረም የጨፈነው።

ወጥ ቤት ተከትያት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሳህን ታጥባለች። «ስናገባ ስሜን የሚጠራበት ድምፁ ነበር የማረከኝ። ስታመም፣ ስቆጣ... ማታ ማታ እሱ ሲተኛ ዝቅ አድርጌ እከፍተው ነበር» አለች። ከዚያ «ሂድ፣ አልተቆጣሁህም» አለች። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 21

ሮቦቷ ብቻ። «ውሃ።» «አመሰግናለሁ።» «አልጋ።» ቤቱ የመሥሪያ ቤት ስልክ ሆነ።

ጥር 25

ምንም።

የካቲት 2

ሌንስ ሰበርኩ። የሰው ሌንስ። አለቃዬ «እቤት ሰው አለህ አይደል፣ ዛሬ ሂድ» አለኝ።

ጋሼ ሲጽፍ አገኘሁት። ከሩቅ እንዳየኝ ሮቦቷን አስነበባት። «ያንተን ድምፅ ቅዳልኝ።»

አልገባኝም። ቀጠለ፣ እያንዳንዱ ፊደል ቁና ቁና እያስተነፈሰው። «ያንተ ድምፅ እንደ ፍየል ነው። ግን የቤታችን ፍየል ነው።»

እትዬ አቀርቅራ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ። እኔ... ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

የካቲት 5

ቀዳን። ውሃ። በቃኝ። ወደ ግራ ገልብጡኝ። ትራሱን። እሱ ይጽፋል፣ እኔ እላለሁ። ካልወደደው ይጨፍናል፣ እደግማለሁ። «አታልቅስብኝ፣ ውሃ ነው ያልኩህ» አስባላት ሮቦቷን።

አሁን ሦስት ቦታ ተገልብጧል። አንዱ ፎርማት ዘንድ ነው። ሲቀበለኝ ፍላሹን በሁለት እጁ ነው የያዘው።

«እወድሻለሁ» ላይ ስንደርስ ሁለታችንም እትዬን አየን። ፊቷ ቀላ። «እሱን ለሮቦቷ ተዉት። ከዋርሳዬ አፍ አልሰማም» አለች። ጋሼ የሳቀው ሳቅ አሳለውና መዋጥ አቃተው። ጀርባውን ስንመታ ቆየን።

የካቲት 11

መዋጡ ከፋ። ሐኪሙ ቤት ድረስ መጣ። የምግብ ቱቦ ይግባለት አለ፣ ሆስፒታል ይተኛ አለ፣ ቶሎ ወስኑ አለ። የሚያወራው ለእኛ ነው። ጋሼ ጣቱን አነሳ፣ በእኔ ድምፅ «እዚህ ነኝ» አለ። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ገባው፣ ደነገጠ፣ ወንበሩን ወደ ጋሼ አዞረ።

የካቲት 14

ሰሌዳው ላይ የሚጨመር ዓረፍተ ነገር ጽፎ ጠበቀኝ። አነበብኩት። እምቢ አልኩ። የፈለከውን ልቅዳ፣ ይሄን አልቅዳ። ይሄን ሮቦቷ ትበልህ።

«ሮቦቷን ማንም አይሰማም» ብሎ ጻፈ።

ወጥቼ ሄድኩ። በር ወረወርኩ መሰለኝ።

የካቲት 15

እትዬን ጠየቅኳት። ታውቅ ኖሯል። ከሐኪሙ በፊት ነግሯታል። «እኔም እምቢ ብዬው ነበር። ግን ጣቱ እየደከመች ነው አያ። ነገ መንካት ቢያቅተው ማን ይልለታል?» አለች።

የካቲት 17

ፀሐይ ወጥቷል፣ መጋረጃውን ከፈትኩለት። ማይኩን ሰካሁ። ያላየኝ ለመምሰል መስኮቱን ያያል።

«ሆስፒታል አልሄድም። ቱቦ አልፈልግም። እዚሁ ቤቴ አስተኙኝ።» አልኩ።

ጨፈነ። ደገምኩ። አሁንም ጨፈነ። ምን ሆነ? ቃሉ ትክክል ነው፣ ድምፄም አልተሰበረም። ፊደል መልቀም ጀመረ፣ ቀስ ብሎ። ሮቦቷ አነበበችው። «እየለመንክ ነው። እኔ አልለምንም።»

ውሃ ጠጣሁ። ተማሪ ቤት ሳለን ሲያስጠናኝ እንዴት ይናገር እንደነበር አሰብኩ፤ ረጋ ብሎ፣ አንዴ ብቻ፣ ካልሰማህ የራስህ ጉዳይ ብሎ። እንደሱ አልኩት።

አልጨፈነም።

ሰሌዳው ላይ አስቀመጥኩለት፣ ጣቱ ከሚደርስበት ቦታ። ነካው። ከማሽኑ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። እትዬ ወጥ ቤት ሆና «እሺ» ብላ መለሰችለት።