ሳላነብ የፈረምኩበት መንገድ

ለውድ እህቴ ለታየች
ሐዋሳ

እታለም፣ እንዴት ከርመሽልኛል? ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ግራ እግርሽስ ትንሽ ታዘዘልሽ ወይስ እንደ እኔ እምቢ ባይ ሆኖ ቀረ? ባለቤትሽ መዝሙር ሥራው እንዴት ይዞታል? ወንጌላዊትስ ደህና ናት? ጎረቤቱ፣ ሐይቁ፣ ሙቀቱ ሁሉ እንዴት ሰንብቷል? እኛ ቅዱስ ሚካኤል ይመስገን ሁላችንም በሕይወት አለን። እናታችን ደህና ናት። ዓይኗ እንደ ድሮው አይደለም፤ ጆሮዋ ግን የጎረቤት ሐሜት አያመልጠውም። ከብቱ ደህና ነው፣ ገብሱም ዘንድሮ ሸጋ ነው። ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለኝም ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ጎድሎኛል፣ የምጽፍልሽም እሱኑ ነው።

በመጀመሪያ ግን የእጅ ጽሑፌን እይልኝ። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ። እስከ ዛሬ የደረሰሽን ደብዳቤ ሁሉ የጻፈው ዲያቆን ህሩይ ነው። እኔ «ደህና ነኝ በልልኝ» ስለው እሱ «በእንባ እየታጠብኩ» ብሎ ይጨምርበት ነበር፤ እኔ እንደሆነ አልቅሼ አላውቅም። የማታ ትምህርት ሁለት ዓመት ተምሬ ከሃያ ሦስት ጎልማሳ አንደኛ ወጣሁ። ይመኙሽ አጠገቤ ተቀምጣ «አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ» ትላለች። አንደኝነቱ ከቤታችን አልወጣም፤ የባልና የሚስት ነገር ምን ያደርግልሻል። መምህራችን ግን መስመሬን አይታ «ይህ የገበሬ እጅ ነው፣ ትልሙ አይዛነፍም» ብላለች።

ምነው አትደውልም ትይኝ ይሆናል። ሦስት ጊዜ ደውዬልሻለሁ። ድምፅሽን ስሰማ ቀልድ ይመጣብኛል፣ አንቺም ትስቂያለሽ፣ ነገሩ ሳይነገር ካርዱ ያልቃል። ትናንት ይመኙሽ «ያወራኸውን በስልክ ነግረሃታል፤ ያደረግኸውን ደግሞ ጻፍላት» አለችኝ። እርሳሱንም የቀረጸችልኝ እሷ ናት።

በሚያዝያ «ለኅዳር ሚካኤል መኪና እስከ እናታችን ደጅ ይገባል፤ አንቺ እግርሽን ሳታስቸግሪ እደጇ ትወርጃለሽ» ያልኩሽን ታስታውሻለሽ። ለእናታችንም ነግሬያት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የሞተር ድምፅ በሰማች ቁጥር ቀና ትላለች። እታለም፣ መኪናው አይገባም። ጥፋቱ የመንግሥትም የዝናብም አይደለም፤ የእኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ወረዳው ለገጠር መንገድ ጥገና ከመንግሥት በጀት ተመድቧል፣ ለሁሉም ቀበሌ ስለማይበቃ መንገዱ የከፋበት ይቀድማል አለ። ከእኛ የከፋ ማን አለ? ከአስፋልቱ እስከ ቤተ ክርስቲያናችን ያለውን ዘጠኝ ኪሎ ሜትር አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የወይራው ቦረቦር ዘንድ ሲደርስ በቅሎ እንኳ ቆማ ታስባለች። የመንገድ ኮሚቴ ተመረጠ፣ ጸሐፊው መጻፍ የሚችል ይሁን ተባለ፣ ሰውም ወደ እኔ ዞረ። ያን ቀን ቁመቴ በአንድ ክንድ ጨመረ። «መንገዳችን ከመንገድነት ወጥቷል» የሚል ሸጋ ማመልከቻ ጻፍኩ። መሐንዲስ መጥቶ በዓይኑ አይቶ ይወስናል ተባልን።

እንግዳ ይመጣል ሲባል እኛ ዘንድ የሚደረገውን ታውቂዋለሽ። ታቦት ሲወጣ መንገዱን እንደምንጠርገው ሁሉ ለመሐንዲሱም እንጥረግለት ያልኩት እኔ ነኝ። «የወረዳ ሰው እየተንገጫገጨ ገብቶ ምን ይለናል» ብዬ ሰውን ሁሉ ቀሰቀስኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ደቦ ወጣን። ድንጋዩን ለቀምን፣ ጉድጓዱን በአፈር ሞላን፣ ቦረቦሩ ላይ የባሕር ዛፍ ግንድ ረብርበን አፈር አለበስነው፣ ከላይም ቄጤማ ጎዘጎዝን። የአባታችን ጓደኛ አያ ወልደኢየሱስ ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆዩና «ምነው ክንዱ፣ ሰውየው የሚመጣው እኮ ጉድጓዱን ሊያይ ነው፤ ምኑን ልታሳየው ነው?» አሉኝ። እኔም «አያ፣ እርስዎ እንግዳ ሲመጣብዎ የቤትዎን ጥራጊ ነው የሚያሳዩት?» ብዬ ሰው አሳቅሁባቸው። እሳቸው አልሳቁም፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

መሐንዲሱ በግንቦት መጣ። ፊልጶስ ይባላል፣ ትሑት ልጅ ነው። መኪናው አስፋልት ላይ እንዳለ ሁሉ ቄጤማው ላይ ተንሸራቶ ገባ፣ ሴቶቹም እልል አሉ። ልጁ ወርዶ ማመልከቻዬን አየ፣ መንገዱን አየ፣ ግራ ገባው። «መንገዱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን መናገር የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ግን አገሩ ሁሉ ዙሪያዬን ቆሞ ያየኛል፣ አፌም ቀደመኝ። «የአፋፍ ሚካኤል ሰው ሰነፍ አይደለም፤ በክረምትም ከዚህ አይለይም» አልኩት። በክረምት እንደሚለይ እዚያ የቆሙት አህዮችም ያውቃሉ።

ከዚያ ቅጹን ሞልቶ «ጸሐፊው አንብበው ይፈርሙ» ብሎ ሰጠኝ። እታለም፣ ማንበቡን አነባለሁ፤ ግን ፊደል በፊደል፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን ጣቴን ወረቀት ላይ ለማስኬድ አፈርኩ። እንደ ትልቅ ሹም ከላይ እስከ ታች ቃኘሁት፣ ራሴን ነቀነቅሁ፣ ከዚያም አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ሳልነክር በገዛ ስሜ ፈረምኩ። ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ሰው አጨበጨበልኝ።

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ ያለበስነውን አፈር በሦስት ቀን ጠርጎ ወሰደው። የሞላንበትን አፈር የቆፈርነው ከቦረቦሩ ጠርዝ ስለነበር ቦረቦሩ ከድሮው ይልቅ ሰፋ። ነሐሴ ሲያልቅ የበጀቱ ዝርዝር ወረዳው በር ላይ ተለጠፈ። ጣቴን እያስኬድኩ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ እዚያ ማፈሩ ቀርቶልኝ ነበር። ገንዘቡ የደረሰው ከሸለቆው ማዶ ላሉት ነው። እነሱ መንገዳቸውን እንዳለ አሳዩ፤ መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ፊልጶስን በእግሩ አስገቡት። ልጠይቅ ገባሁና ቅጹን አወጡልኝ። «መንገዱ በደህና ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ በዚህ ዓመት ጥገና አያስፈልገውም» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስም፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት። በሚቀጥለው ዓመት አመልክቱ ብለው ሸኙኝ። እናታችን ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የሚቀጥለው ዓመት የሚሉትን ነገር ለእሷ እንዴት አድርጌ ልንገራት?

በመስከረም፣ በሚካኤል ማኅበር ዕለት፣ ድንጋይ ጫንቃዬ ላይ አድርጌ ሕዝቡ ፊት ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አያ ወልደኢየሱስ ሲነሡ ይቅር ብለው ድንጋዩን ሊያወርዱልኝ መስሎኝ አንገቴን ይበልጥ ደፋሁ። «ድንጋዩን ከጫንቃህ አውርድና ሂድ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ክተተው» አሉኝ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እንደተባልኩት አደረግሁ፤ ከዚያ ወዲህም ጠዋት ጠዋት ከብቱን እያሰማራሁ ድንጋይ እሸከማለሁ። ውሎ አድሮ ጎረቤታችን ሐዲስ መጣ፣ ሌሎችም መጡ። አሁን ከአስፋልቱ እስከ ወይራው ቦረቦር መኪና ቀስ ብሎ ይደርሳል። ይህ ጉራ አይደለም፤ የእህል ጫኝ አይሱዙ ደርሶ ሲመለስ ይመኙሽም አይታለች። ቦረቦሩን ግን የእኛ ድንጋይ አያሸንፈውም፤ ቱቦና ግሬደር ይፈልጋል። እሱን ደግሞ አያስፈልገንም ብዬ ፈርሜያለሁ።

ከቦረቦሩ እስከ እናታችን ደጅ በእግር ግማሽ ሰዓት ነው። በሽተኛ የሚሸከሙት ሰዎች አንቺን በቃሬዛ ሊያመጡሽ ተስማምተው ነበር። ይህን ስነግራት እናታችን መቁጠሪያዋን አስቀመጠች። «ልጄን በእግሯ ሸኝቻታለሁ፤ በቃሬዛ አልቀበላትም» አለች። መቁጠሪያዋን መልሳ አነሣችና «መኪናው ቦረቦሩን ካላለፈ እኔ እወርዳለሁ» አለች። ከግቢዋ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው እታለም። ዲያቆን ህሩይ ይጨምርበት የነበረው ነገር ያን ቀን እውነት ሆነ።

«በጀርባዬ አዝዬሽ እወርዳለሁ፣ ቦረቦሩንም በእግር መንገዱ አሻግርሻለሁ» አልኳት። «እሺ፤ ግን እስክንደርስ አፍህን እንዳትከፍት» አለችኝ። ወገቤ አያሳስበኝም። የሚቆጨኝ የአሥራ አንድ ዓመት ናፍቆቷን በገዛ ቤቷ መወጣት ሲገባት መንገድ ዳር ቁጭ ብላ መሆኑ ነው። ለዚህ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ አንቺንም ያታለልኩሽ እኔ ነኝ። እንግዲህ ለመምጣትም ለመቅረትም ፈቃዱ የአንቺ ነው። የምትመጪ ከሆነ በኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ከወይራው ሥር ጠብቂን።

እናታችን ዓይንሽን ግንባርሽን ትስማለች። ይመኙሽ ትስምሻለች፤ ጽሑፉ ካስቸገረሽ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሳሱ አይደለም ትላለች። አያ ወልደኢየሱስ እግርሽን ይማርልሽ ብለዋል። ዲያቆን ህሩይም ደንበኛ ማጣቱ ቅር ቢለውም ሰላም ይልሻል። መዝሙርን በሁለት ጉንጩ ሳሚልኝ፤ ወንጌላዊትን አጎትሽ አሁን ራሱ ይጽፋል በያት።

ይህን ደብዳቤ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ይመኙሽ እየሰማችኝ፣ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ።

ወንድምሽ ክንዱ
አፋፍ ሚካኤል፣ ሰሜን ጎንደር
ጥቅምት 14 ቀን 2012 ዓ.ም.