ከፎጣ የታጠፈው ዝሆን

ወላይታ ሶዶ
ሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

የምወድሽ ልጄ ብሩክታይት፣

ሳሮ፣ ሳሮ! እንደምን ሰንብታችኋል? ባልሽ ዘሩባቤል ደህና ነው? አማትሽ ወይዘሮ ጥሩዬስ የዱባይ አየር ተስማማቸው? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፤ ይሁን እንጂ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን የሚያስቀራት በሽታ ገና አልተፈጠረም። የጓሮው አቮካዶ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል።

የላክሽውን መልእክት እናትሽ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «አዋ፣ አባቴ፣ ዓርብ መርከብ እንሳፈራለን። ዘሩባቤል ለጋብቻችን አንደኛ ዓመት ያዘጋጀው ነው፤ እናቱም አብረውን ይሄዳሉ። አንተ የዚህ ነገር ሊቅ ነህና ምክርህን ጻፍልን፤ ለሁለቱም አነብላቸዋለሁ» ብለሻል። እናትሽ አንብባ ስትጨርስ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። እኔ ደግሞ አቮካዶውን ማየት ጀመርኩ።

በይ መጀመሪያ ምክሩን ልስጥሽ፤ ምክሩ እንኳ ውሸት የለበትም። ሻንጣችሁን ወደቡ ላይ ይቀበሏችኋል፤ ክፍላችሁ የሚደርሰው ግን ሊመሽ ሲል ነው። ስለዚህ ፓስፖርት፣ የወይዘሮ ጥሩዬ የደም ግፊት መድኃኒት፣ አንድ አንድ ቅያሪ ልብስ በእጃችሁ ያዙ። ክፍል ገና ካልተመደበላችሁ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ ከመርከቡ መሐል ጠይቁ። ከፍ ያለው ፎቅ ክብር ይመስላል፤ ማዕበል ሲነሳ ግን ክብሩ ባልዲ ውስጥ ያልቃል። ዝንጅብልና ደረቅ ዳቦ ከአጠገባችሁ አይጥፋ። ምግቡን አትሻሙት፤ እንደ ዘመን መለወጫችን እንደ ጊፋታ ሥጋ ዓመት የሚጠበቅ አይደለም፣ ነገም አለ፣ ከነገ ወዲያም አለ። ወደብ ስትወርዱ ከተባለው ሰዓት ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ተመለሱ። መርከብ የአረካ ሚኒባስ አይደለም፤ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ አይቆምም። በነፋስ ዱቄት ይዞ እንደሚሮጥ ሰው ወደቡ ላይ ሲሮጡ የቀሩ ስንቱን አይቻለሁ።

ከየት ሆኜ እንዳየሁት ግን የጠየቀኝ የለም።

ልጄ፣ ዓርብ ራት በልታችሁ ስትመለሱ አልጋችሁ ላይ ከነጭ ፎጣ የታጠፈ እንስሳ ታገኛላችሁ። ምናልባት ዝሆን ይሆናል። ስታይው ታውቂዋለሽ። ትንሽ ሆነሽ፣ እኔ ለዕረፍት በመጣሁ ቁጥር ትራስሽ ላይ የማስቀምጥልሽ ዝሆን ነው፤ ጆሮውም ኩምቢውም ያው። «ማን አስተማረህ?» ስትይኝ «ካፕቴኑ፣ አብረን ራት ስንበላ» እልሽ ነበር። ካፕቴን ፎጣ አያጥፍም። ዝሆኑን የሚያጥፈው ክፍሉን የሚያጸዳው ሰው ነው። ባልሽና አማትሽ አጠገብሽ ቆመው ከዚያ ዝሆን እንድትሰሚው አልፈለግሁም። ለዚህ ነው ዛሬውኑ የምጽፍልሽ።

አባትሽ አሥራ አንድ ዓመት በመርከብ የዞረው በጽዳት ሠራተኛነት ነው። አሥራ ስምንት ክፍል ነበረኝ። ጠዋትም ማታም አነጥፋለሁ፣ መጸዳጃ ቤት አጥባለሁ፣ ከገንዳው ቀዳዳ የሰው ፀጉር እመዛለሁ። የምተኛው ከባሕሩ ወለል በታች፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ፎቅና ምድር ሆኖ በተሠራ አልጋ ላይ ነበር። የላክሁልሽ ፎቶዎች፣ ያ ሰገነት፣ ያ ወንበር፣ ያ ብርቱካን ጭማቂ፣ ተሳፋሪዎቹ ሽርሽር ሲወርዱ በችኮላ የተነሳኋቸው ናቸው። ጭማቂውም የእነሱ ትርፍ ነበር።

ውሸቱ የተጀመረው አጎትሽ ጩማ ቤት ነው። ለመጀመሪያ ዕረፍቴ የመጣሁት ለጊፋታ ነበር። በሬው ታርዷል፣ ዳጣው ቀርቧል፣ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቧል። ጩማ ቢላዋውን እንደያዘ፣ «እህሳ፣ አንተ ስንተኛው ፎቅ ላይ ነው ያለኸው?» አለኝ። «ዘጠነኛ» አልኩ። እውነቴን ነበር፤ የማጸዳው ዘጠነኛውን ነው። «ዘጠነኛ! ሰማችሁ?» ብሎ ከሽማግሌዎቹ በፊት የመጀመሪያውን ቁራጭ ለእኔ ቆረጠልኝ። መናገር የነበረብኝ ያኔ ነው። ቁራጩን ተቀብዬ በላሁ። ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። በየዓመቱ ተሳፋሪዎቹ ያደረጉትን እኔ እንዳደረግሁት አድርጌ ስተርክ፣ ከተማው «ካፕቴን ሚልክያስ» አለኝ። ከጋብቻ በኋላ ሽርሽር የሚያስቡ ሙሽሮች ምክር ሊጠይቁ እዚህ በር ላይ ቆመዋል። ባልሽ ሽማግሌ በላከ ጊዜም ከአረካ የመጡት ሰዎች «የልጅቷ አባት ሥራዎ ምን ነበር?» ቢሉኝ፣ «የመርከብ ጉዞ አማካሪ» አልኳቸው። በጸሎት ተከፍቶ፣ በጸሎት በተዘጋ ሽምግልና ላይ። አንቺ በመጋረጃው በኩል ሆነሽ ስትኮሪብኝ አይቼሻለሁ።

ሥራው ነውር የለበትም። አንቺ የተማርሽው፣ ይህ ቤት የቆመው በዚያ ሥራ ነው። ነውሩ፣ ያበላኝን እጄን ደብቄ መኖሬ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን ስቀሽ ይቅር ትይኝ ነበር። ከዚህ የከፋ አለ። በስምንተኛው ዓመት ከክፍሎቼ በአንዱ አንዲት አሮጊት ገቡ። በውጭ አገር የሚኖር ልጃቸው ዓለም ላሳይሽ ብሎ ያመጣቸው ናቸው። ልጁ ከሚስቱ ጋር መዋኛው ዘንድ ሲውል፣ ባሕሩ ያዞራቸው እናት ብቻቸውን ይተኛሉ። ላጸዳ ስገባ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ሃታ፣ ሃታ» አሉኝ። ውሃውን አመጣሁላቸው። ጠጡና በእኛው ቋንቋ፣ «ልጄ፣ ፊትህ የአገሬን ሰው ይመስላል። ከየት ነህ?» አሉኝ።

እንደማይሰማ ሰው ራሴን ነቀነቅሁ።

አልሰማ ብዬም አልተዉኝም። አልጋውን ሳነጥፍ ለእኔም ለግድግዳውም ያወሩ ነበር። ከዱቦ መሆናቸውን፣ ልጃቸው ደግ ቢሆንም አንድ ቦታ ቁጭ እንደማይል፣ ከመጡ ወዲህ የሚያናግራቸው ሰው እንዳላገኙ፣ ሞተው ባሕር ውስጥ እንዳይጥሏቸው መፍራታቸውን ሁሉ ነገሩኝ። እዚሁ አጠገባችን ያለችውን ዱቦን ሲሉ ነው የደነገጥኩት። አንዲት ቃል ብመልስ፣ «የሶዶው ሚልክያስ ሽንት ቤት ሲያጥብ አገኘሁት» የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ አገር ይገባል ብዬ ፈራሁ። አምስት ቀን ሙሉ አፌን ዘጋሁባቸው። በፈንታው ዝሆን አጠፍኩላቸው፣ ጦጣ አጠፍኩላቸው። «አይዞዎት፣ እኔ አለሁ» ማለት ስችል ፎጣ አጠፍኩላቸው፣ ብሩክታይት።

በመጨረሻው ቀን እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «ጦሳይ ኔና አንጆ» ብለው እግዚአብሔር እንዲባርከኝ መረቁኝ። ያልገባኝ መስሏቸው ሦስት ጊዜ ደገሙት። አሜን እንኳ አላልኩም።

አሁን እንግዲህ አንቺ እስከ ዘንድሮ ከአረካ ገጠር ወጥተው የማያውቁ፣ ከወላይትኛ በቀር ቋንቋ የሌላቸው እናት ይዘሽ መርከብ ልትወጪ ነው። መልእክትሽን ስሰማ የታዩኝ የዱቦዋ እናት ናቸው። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው። ወይዘሮ ጥሩዬን ብቻቸውን አትተያቸው። አንቺ ስትወጪ ዘሩባቤል ይቀመጥ፣ እሱ ሲወጣ አንቺ ተቀመጪ፤ መዋኛው አይሸሽም። ክፍላችሁን የሚያጸዳውን ሰው በመጀመሪያው ቀን ስሙን ጠይቂውና በስሙ ጥሪው። «ሃታ» ማለት ምን እንደሆነ አስተምሪው፤ አንድ ቃል ናት፣ ይይዛታል። ምናልባት ፊቱ የአገርሽን ሰው ቢመስልሽና ራሱን ቢነቀንቅ፣ አታፋጥጪው። «ዝሆኑ ያምራል» በይውና እለፊ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለእናትሽ ሰጠኋት፤ በቴሌግራም ፎቶ አንስታ የምትልከው እሷ ስለሆነች ማምለጫ የለኝም። እስከ ካፕቴኑ ድረስ አንብባ ሳቀች።

«ይሄን እኔ ድሮ ነው የማውቀው» አለች።

«እንዴት አወቅሽ?»

«በአልጋው ነዋ! ለዕረፍት ስትመጣ አንሶላውን ከፍራሹ ሥር ጠቅጥቀህ ታነጥፋለህ፣ እግሬን ለማስገባት ስታገል ነው የማመሸው። ተነጥፎለት የኖረ ሰው እንደዚያ አያነጥፍም።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ራስህ እስክትነግረኝ ብዬ ነው። አሥራ ሦስት ዓመት ይፈጅብሃል ብዬ መቼ አሰብኩ!»

የዱቦዋን እናት ስታነብ ግን አልሳቀችም። ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ «ይህችን እንዳትሰርዛት። ይህችን ነው ልጅቷ ማንበብ ያለባት» ብላ ተነሳች። ከዚያ ወዲህ ስታናግረኝ ቀና ብላ አታየኝም። አልፈርድባትም።

ምክርህን ለሁለቱም አነብላቸዋለሁ ብለሻል፤ እንግዲህ ሳትቆርጪ አንብቢላቸው። ለወይዘሮ ጥሩዬ በቋንቋችን ተርጉሚላቸው። ቅዳሜ ደግሞ እኔው አረካ ሄጄ ሽማግሌዎቹን እየዞርኩ ያልኳቸውን አስተካክላለሁ። ዱቦም እሄዳለሁ። እኚያ እናት ዛሬ በሕይወት ይኖሩ እንደሆነ አላውቅም፤ ስማቸውንም አልጠየቅኋቸውም። ግን ሄጄ እጠይቃለሁ። አንቺም ከፈለግሽ ተቆጪኝ፣ ብቻ አዋ ማለትሽን አትተዪብኝ። ካፕቴን ብሎ ግን ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዲጠራኝ አልፈልግም።

ባሕሩ ይርጋላችሁ፤ ወጥታችሁ በሰላም ግቡ። ትዳራችሁን እግዚአብሔር ያጽናው፤ የምታፍሩበት ሳይሆን የምትነግሩት ታሪክ ይስጣችሁ።

ጦሳይ ኔና አንጆ።

አንቺ አሜን በይ፣ ልጄ።

አባትሽ ሚልክያስ
የዘጠነኛው ፎቅ የጽዳት ሠራተኛ